ምዕራፍ 5፦ ሰባቱ የዐረፍተ ነገር አርእስት

እንግሊዝኛ ለዓመታት ተምሮ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር የሚጨንቀው ሰው በየከተማችን አለ። ቃል አጥቶ አይደለም። «ማርኬት» ገበያ፣ «ሃኒ» ማር፣ «ሶልድ» ሸጠ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ ተፈትኖም አልፏል። ነገር ግን «ማሩን ለነጋዴው ሸጥኩለት» ማለት ሲፈልግ ቃላቱን ማን ከማን እንደሚያስቀድም ግራ ይገባዋል። በአማርኛው ሰልፍ ያሰልፋቸውና «አይ ሃኒ መርቻንት ሶልድ» ይላል። እንግሊዛዊው ሰሚ ደግሞ «የማር ነጋዴ ሸጥኩ» ያለው ይመስለዋል። ቃላቱ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ቅርጹ ግን የእንግሊዝኛ አይደለም።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነው። የእንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት ንግግር በጥቂት የዐረፍተ ነገር ቅርጾች ላይ ቆሟል። እያንዳንዱን ቅርጽ በአንድ አርአያ ዐረፍተ ነገር በቃሉ የያዘ ሰው፣ አዲስ ቃል ባገኘ ቁጥር የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። ይህ ዘዴ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ የአገራችን የቅኔ መምህራን ግዕዝን ለዘመናት ያስተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ምሳሌዎቻችንን ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል እንወስዳለን። በዚያ አካባቢ የጥንት የትምህርት ገዳም አለ፤ ስሙ ራሱ ዐረፍተ ነገር የሆነ ቦታ አለ፤ በአንድ ግስ አጠቃቀም ሁለት መንግሥታት የተካሰሱበት ውል የተፈረመውም እዚያው ነው።

ስምንቱ የግስ አርእስት

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዝን የሐይቅን ከተማ እናገኛለን። በከተማው አጠገብ ባለው ሐይቅ ውስጥ ገባ ብሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞአ ወደዚህ ገዳም መጥተው ትምህርቱን አደራጁ፣ ብዙ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ነው። ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. አካባቢ ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል ብራና፣ ዘመኑ በውል ከሚታወቁት የግዕዝ መጻሕፍት መካከል እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው።

በዚያ ዘመን ግዕዝ ከአፍ መፍቻነት ወጥቶ የመጽሐፍና የቅዳሴ ቋንቋ ሆኖ ነበር። ተማሪው እናቱ ያልነገረችውን ቋንቋ ከመምህሩ አፍ መቅሰም ነበረበት። ዛሬ በሐይቅ ከተማ እንግሊዝኛ የሚማር ልጅም ያለበት ሁኔታ ከዚያ አይለይም፤ ቤት ውስጥ የማይሰማውን ቋንቋ በክፍል ውስጥ መያዝ አለበት።

ሊቃውንቱ ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ በቅኔ ቤቶቻችን ጸንቶ ኖሯል። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ሲሆኑ ዋድላ የወሎ ነው። በእነዚህ ቤቶች ተማሪው «ቀተለ ብሎ ገደለ፣ ቀደሰ ብሎ አመሰገነ» እያለ ግስ ያወርዳል። በሺህ የሚቆጠረውን የግዕዝ ግስ ግን ለየብቻው አያረባም። ስምንት ግሶች የሌሎቹ ሁሉ አርእስት ተብለው ተመርጠዋል፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ሌላው ግስ ከእነዚህ የአንዱ ሠራዊት ነው። ቀተለ «ይቀትል» ካለ ነገረ «ይነግር» ይላል፤ ቀደሰ «ይቄድስ» ካለ ወደሰ «ይዌድስ» ይላል። ተማሪው አይቶት የማያውቀው ግስ ቢገጥመው እንኳ አርእስቱን ከለየ እርባታውን ሳይሳሳት ያወርደዋል።

የዚህ ዘዴ ብልህነት ሕጉን በምሳሌ ውስጥ ማኖሩ ነው። ተማሪው ስለ ግሱ የሚነገረውን ትንታኔ ከማጥናቱ በፊት ግሱን ራሱን ይይዛል፤ ማብራሪያው ኋላ ሲመጣለት የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

የእንግሊዝኛ አርእስትና ሠራዊት

ይህንኑ መንገድ በእንግሊዝኛ ላይ በስፋት ከሞከሩት አንዱ አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ነው። ሆርንቢ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ሄዶ እንግሊዝኛ ያስተማረ እንግሊዛዊ ነበር። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሱን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ የጃፓን ተማሪዎች ችግር ከእኛ ተማሪዎች ችግር ጋር ይቀራረባል። ሆርንቢና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ ለተማሪዎች የሚሆን መዝገበ ቃላት አሳተሙ። በውስጡ እያንዳንዱ ግስ የትኛውን የዐረፍተ ነገር ቅርጽ እንደሚከተል በቁጥር ተመለከተ፤ ቅርጾቹም 25 ነበሩ። ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1948 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በድጋሚ ወጣ፤ ዛሬ በአገራችን ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የምናውቀው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላትም ከዚያ ተወልዶ ያደገ ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1985 ራንዶልፍ ኳርክና ሦስት ባልደረቦቹ በጻፉት ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍ መሠረታዊዎቹን ቅርጾች ወደ ሰባት አሰባሰቧቸው።

ቅርጽ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከአምባሰል ዜማ መረዳት ይቻላል። በአካባቢው ስም የሚጠራው የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። ዘፋኙ ስለ ፍቅር ቢያዜምበት ስለ አገር፣ ግጥሙ ይለወጣል እንጂ ቅኝቱ አምባሰል መሆኑን አይተውም። የዐረፍተ ነገር ቅርጽም እንዲሁ ነው፤ ቃላቱ ይቀያየራሉ፣ ሰልፋቸው ግን ጸንቶ ይቆያል።

ሰባቱን እንያቸው።

አንደኛው ባለቤትና ግስ ብቻ ያለው ነው። «ዘ ሬይን ስቶፕድ» ማለት «ዝናቡ አባራ» ነው። ግሱ ሌላ ነገር አይፈልግም። የመጣ፣ የሄደ፣ የሞተ፣ የሳቀ ሁሉ የዚህ ሠራዊት ነው።

ሁለተኛው ባለቤት፣ ግስና ተሳቢ ነው፦ «ሺ ሶልድ ዘ ሃኒ»፣ «ማሩን ሸጠችው»። በእንግሊዝኛ ከሁሉ የበለጠ ሠራዊት ያለው ይህ ነው። ገዛ፣ በላ፣ አየ፣ ሰበረ፣ አጠበ እዚህ ይሰለፋሉ።

ሦስተኛው ባለቤትን ከመገለጫው ጋር ያገናኛል፦ «ዘ ሌክ ኢዝ ዲፕ»፣ «ሐይቁ ጥልቅ ነው»። አማርኛ «ነው» የሚለውን ማሰሪያ ከመጨረሻ ያደርገዋል፤ እንግሊዝኛ «ኢዝ»ን በሁለቱ መካከል ያስገባዋል። ብዙ ተማሪ «ዘ ሌክ ዲፕ» ብሎ «ኢዝ»ን የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። ማሰሪያ የሌለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ እንደሚያነክስ ሁሉ በእንግሊዝኛም ያነክሳል።

አራተኛው ያለ ቦታ የማይሞላ ነው፦ «ሂ ሊቭስ ኢን ዉጫሌ»፣ «ውጫሌ ይኖራል»። «ሂ ሊቭስ» ብለን ካቆምን ትርጉሙ ተለውጦ «በሕይወት አለ» ይሆናል። የመኖሪያው ስም የዐረፍተ ነገሩ አካል እንጂ ጭማሪ አይደለም።

አምስተኛው ሁለት ተሳቢ አለው፦ «ሺ ጌቭ ዘ ገስት ኮፊ»፣ «ለእንግዳው ቡና ሰጠችው»። በአማርኛ እንግዳውን ከቡናው የሚለየው «ለ» ነው። በእንግሊዝኛ የሚለያቸው ተራቸው ነው፤ ተቀባዩ ይቀድማል፣ የሚሰጠው ነገር ይከተላል። ቡናውን ማስቀደም የፈለገ ሰው «ሺ ጌቭ ኮፊ ቱ ዘ ገስት» ብሎ «ቱ»ን መጨመር አለበት። ሰጠ፣ ላከ፣ አሳየ፣ ነገረ፣ አበደረ በዚህ ይሄዳሉ።

ስድስተኛው ለተሳቢው ስም ወይም ጠባይ ይሰጣል፦ «ዜይ ኮል ዘ ፕሌስ ይስማ ንጉሥ»፣ «ቦታውን ይስማ ንጉሥ ይሉታል»። «ዘ ፕሌስ» ተሳቢ ነው፤ «ይስማ ንጉሥ» ደግሞ ተሳቢው ማን እንደሚባል ይናገራል። «ዜይ ሜድ ሂም ኪንግ»፣ «አነገሡት»፣ የዚሁ ሠራዊት ነው።

ሰባተኛው ተሳቢውን ቦታ ያስይዛል፦ «ሂ ፑት ዘ ሳክ ኦን ዘ ዶንኪ»፣ «ጆንያውን አህያው ላይ ጫነው»። «ሂ ፑት ዘ ሳክ» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ ሰሚው «የት?» ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚናገረው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር፣ ሲረዝምም ሲያጥርም፣ ከእነዚህ ሰባት በአንዱ ላይ የተሠራ ነው። ጊዜ፣ ምክንያትና ሁኔታ ይጨመሩበታል፤ አጥንቱ ግን ይኸው ነው።

ግሱ የት ይቀመጣል?

ከሰባቱ ቅርጾች አንድ ነገር ይታያል። በሁሉም ግሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነገሩን ስለሚያስር የጥንት መምህራን ማሰሪያ አንቀጽ ብለው ጠርተውታል። ይህ የአማርኛ ልማድ በዓለም ብቸኛ አይደለም። ማቲው ድራየር የተባሉት የቋንቋ ተመራማሪ 1,377 ቋንቋዎችን አነጻጽረው ከ560 በላይ የሚሆኑት እንደ አማርኛ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ ብለው እንደሚሰለፉ አግኝተዋል። እንደ እንግሊዝኛ ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ የሚሉት ከ480 በላይ ናቸው። የወሎ ሰው ከአማርኛ ጎን ለጎን የሚናገረው ኦሮምኛም ግሱን ከመጨረሻ ያስቀምጣል። በሰልፉ ብዛት ብልጫው የእኛ ነው፤ አማርኛችን ተገልብጦ የተሠራ እንግሊዝኛ አይደለም።

ሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ሰልፍ የያዙት በምክንያት ነው። «ውሻው ልጁን ነከሰው» ብንልም «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንልም የተነከሰው ልጁ ነው። ልጁ ላይ የተለጠፈችው «ን» ተነካሹን ትጠቁማለች፤ ስለዚህ ቃላቱ ቦታ ቢለዋወጡ ችግር የለም። በእንግሊዝኛ «ዘ ዶግ ቢት ዘ ቦይ» የሚለውን ገልብጠን «ዘ ቦይ ቢት ዘ ዶግ» ካልን ነካሹ ልጁ ይሆናል። «ን»ን የሚተካ ምልክት ስለሌለ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ተራ ነው።

እንግሊዝኛ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የዛሬ 1,000 ዓመት የነበረው እንግሊዝኛ እንደ አማርኛዋ «ን» ያሉ ምልክቶችን በስሞች ጫፍ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ ሰልፉም ከዛሬው ይበልጥ የላላ ነበር። ቀጥለው በመጡት መቶ ዓመታት ምልክቶቹ እየተሸረሸሩ ጠፉ፣ ሰልፉም ጠበቀ። ስለዚህ የእንግሊዝኛን ተራ መጠበቅ ለውበት የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቀው በእሱ ነው።

አንድ የአማርኛ ግስ፣ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት

«አልነገርኳቸውም» የሚለውን ግስ በቅርብ እንመርምረው። ፊቱ ላይ «አል»፣ ጫፉ ላይ «ም» ተቀምጠው ነገሩን ያፈርሱታል። መሐል ላይ ያለው «ነገር» የድርጊቱን ዓይነት ይናገራል። «ኳ» ውስጥ ያለው «ኩ» ተናጋሪው «እኔ» መሆኑንና ጊዜው ያለፈ መሆኑን ያሳያል። «ቸው» ያልተነገራቸውን ሰዎች ያመለክታል። አንድ ቃል ብቻውን የተሟላ ዐረፍተ ነገር ሆነ።

እንግሊዝኛ ይህንን ለመናገር አምስት ቃላት ያሰልፋል፦ «አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም»። «አይ» እኔ፣ «ዲድ» ያለፈ ጊዜ፣ «ኖት» አፍራሽ፣ «ቴል» መንገር፣ «ዜም» እነሱን። በአማርኛ ግስ ሆድ ውስጥ ያሉት ሁሉ እዚህ ወጥተው በተራ ቆመዋል። አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲማር ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ በአንድ ቃል የለመደውን ጠቅላላ ሐሳብ ፈትቶ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻው ማቆም አለበት።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለያዘ ስሙን ባይጠራውም ይገባናል። «ዘነበ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ግን የባለቤቱን ወንበር ባዶ አይተውም፤ የሚቀመጥበት ባይኖር እንኳ «ኢት» የምትባለውን ቃል ያስቀምጥበትና «ኢት ሬይንድ» ይላል። «መሸ»፣ «በረደ»፣ «ሩቅ ነው» ስንል «ኢት» መግባቷን አንርሳ። «ኢዝ ፋር» ብሎ የሚጀምር አማርኛ ተናጋሪ ስህተቱን የሚሠራው ከራሱ ቋንቋ ትክክለኛ ልማድ ተነሥቶ ነው። መምህሩ ይህንን ቢያውቅ ተማሪውን ከመገሠጽ ይልቅ ልዩነቱን ያሳየዋል።

ግዕዝ የሚያግዘን ቦታ

«ትናንት ከሐይቅ ወደ ውጫሌ የሄደው ነጋዴ» የሚለውን ሐረግ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ዘ መርቻንት ሁ ዌንት ፍሮም ሐይቅ ቱ ዉጫሌ የስተርደይ» ይሆናል። በአማርኛ ነጋዴው መጨረሻ ላይ፣ «ትናንት» መጀመሪያ ላይ ነበሩ። በእንግሊዝኛ ነጋዴው መጀመሪያ ላይ፣ ትናንት መጨረሻ ላይ ሆኑ። አማርኛ ዋናውን ስም ከማብራሪያው ኋላ ያመጣዋል፤ እንግሊዝኛ ዋናውን ስም አስቀድሞ ማብራሪያውን ያስከትላል።

ይህ ሰልፍ እንግዳ መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ነገር ግን ሳናስተውለው በየቀኑ አፋችን ላይ አለ። ቤተ ክርስቲያን፣ መዝገበ ቃላት፣ ርእሰ ከተማ፣ ሕገ መንግሥት፣ ዐረፍተ ነገር የሚሉትን ስንናገር የምንከተለው የግዕዝን ሰልፍ ነው። በአማርኛ ሰልፍ ቢሆን የቃላት መዝገብ፣ የመንግሥት ሕግ እንል ነበር። «ንጉሠ ነገሥት» ማለት «የነገሥታት ንጉሥ» ነው፤ እንግሊዝኛውም «ኪንግ ኦፍ ኪንግስ» ብሎ ልክ እንደ ግዕዙ ንጉሡን ያስቀድማል። ግዕዝ «የመጣው ሰው» ለማለት «ብእሲ ዘመጽአ» ይላል፤ ሰውየው ይቀድማል፣ ማብራሪያው ይከተላል፣ እንደ እንግሊዝኛው «ዘ ማን ሁ ኬም»። አማርኛ ከግዕዝ ጋር የሴም ቤተሰብ ሆኖ ሳለ ሰልፉ የተለየው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ በመኖሩ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

ስለዚህ «ኦፍ» እና «ሁ» ያስቸገሩት ተማሪ «ሕገ መንግሥት» የሚለውን ያስብ። ሰልፉን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ይስማ ንጉሥ እና ይቻላቸዋል

ከሐይቅ በስተ ሰሜን፣ በዚያው ጎዳና ላይ፣ የአምባሰሏ ውጫሌ አለች። የውጫሌ ውል የተፈረመበት ስፍራ ይስማ ንጉሥ ይባላል። ይህ ስም እንደ ተጻፈው ካነበብነው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ይስማ» ግስ፣ «ንጉሥ» ባለቤት። የዘወትር አማርኛ «ንጉሥ ይስማ» ይላል፤ የቦታው ስም ግን እንደ ግዕዝ ግሱን አስቀድሟል። እንግሊዝኛ ይህንን ለማለት «ሌት ዘ ኪንግ ሂር» ይላል። በአማርኛ በ«ይ» የተነገረውን ምኞት እንግሊዝኛ «ሌት» የሚል ራሱን የቻለ ቃል አቁሞለታል።

እዚህ ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው «ኮንሴንቴ» የሚል ግስ ይዟል፤ ይስማማሉ፣ ፈቅደዋል እንደማለት ነው። ኢጣልያ በጣልያንኛው ላይ ተመሥርታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1889 ኢትዮጵያ በእሷ ጥበቃ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ይህንን አልተቀበሉም፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለመንግሥታቱ አሳወቁ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ተቋጨ።

የሁለቱን ግሶች ቅርጽ እንመልከት። «ይቻላቸዋል» ከ«ራበኝ»፣ ከ«ደከመኝ»፣ ከ«ቸገረኝ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። «ራበኝ» ስንል አድራጊው ረኃቡ ነው፤ እኔ የደረሰብኝ ሰው ነኝ። «ይቻላቸዋል» በሚለውም ውስጥ «ይ» የምታመለክተው የሚቻለውን ነገር፣ ማለትም መላላኩን ነው፤ «ኣቸው» ደግሞ ዕድሉ የተከፈተላቸውን ንጉሠ ነገሥት በአክብሮት ያመለክታል። ንጉሡ ምንም አላደረጉም፣ ምንም ቃል አልገቡም፤ በር ተከፍቶላቸዋል፣ መግባት አለመግባት የእሳቸው ነው። በጣልያንኛው ግን ንጉሡ ራሳቸው የግሱ ባለቤት ሆነው ቀርበዋል፤ የሚስማሙት እሳቸው ናቸው፤ መስማማቱም የተፈጸመ ነገር ተደርጎ ተጽፏል። በአማርኛው ተቀባይ የነበረው ሰው በጣልያንኛው አድራጊ ሆነ።

ጦርነቱን ያመጣው የቅኝ ግዛት ፍላጎት ነው፤ ሰዋስው ብቻውን ጦር አያዘምትም። ቢሆንም ያ ፍላጎት የተሸሸገበት ቦታ የአንድ ግስ ቅርጽ ነበር። የዐረፍተ ነገርን ቅርጽ ማወቅ የክፍል ውስጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ዛሬም የሥራ ውል፣ የብድር ውል፣ የቪዛ ቅጽ በእንግሊዝኛ እየተጻፈልን እንፈርማለን። «ሜይ» ያለው ሐረግ ይፈቅዳል፤ «ሻል» ያለው ሐረግ ያስገድዳል። ይህንን ሳይለዩ መፈረም አደጋ አለው።

በዚህ በኩል እንግሊዝኛ ከአማርኛ ይቀላል። አማርኛ «መሄድ አለበት»፣ «መሄድ ይገባዋል»፣ «መሄድ ይችላል» ሲል ሰውየው አንዴ ተቀባይ፣ አንዴ አድራጊ ይሆናል። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቅርጽ ያስኬዳል፦ «ሂ መስት ጎ፣ ሂ ሹድ ጎ፣ ሂ ካን ጎ፣ ሂ ሜይ ጎ»። ባለቤቱ ይቀድማል፣ ትንሿ ግስ ትከተላለች፣ ዋናው ግስ ምንም ሳይጨመርበት ይመጣል። አንዱን የያዘ አራቱንም ያዘ። «ራበኝ»ም ተገልብጦ በሦስተኛው አርእስት ይገባል፦ «አይ አም ሃንግሪ»። ተቀባዩ ሰው ባለቤት ሆኖ ፊት ቆመ።

አክብሮት የሚቀመጥበት ስፍራ

የወሎ ሰው ታላቁን «አንቱ» ብሎ ያከብራል፤ ግሱም «ዝጉልኝ»፣ «ይቀመጡ» እያለ አክብሮቱን አብሮ ይሸከማል። እንግሊዝኛ ለልጁም ለሽማግሌውም ያለው አንድ «ዩ» ነው። ከዚህ ተነሥተን እንግሊዝኛ አክብሮት የለውም ማለት ግን ስህተት ነው። አክብሮቱ በግሱ ጫፍ ላይ ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ ቅርጽ ውስጥ ይኖራል። «ክሎዝ ዘ ዶር» ትእዛዝ ነው። «ኩድ ዩ ክሎዝ ዘ ዶር፣ ፕሊዝ?» ብለን ወደ ጥያቄ ስንለውጠው «በሩን ይዝጉልኝ እስቲ» የሚለው ጨዋነት ይመጣል። «ጊቭ ሚ ዋተር» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ «ውሃ ይስጡኝ» ያለውን አክብሮት ግሱ ውስጥ እንዳለ አስቦ ነው። እንግሊዝኛው ግስ ግን አክብሮቱን አልተሸከመለትም። ስለዚህ ለልመና የሚሆነው አርአያ «ኩድ ዩ» የሚለው ነው፤ ከሰባቱ አርእስት ጋር አብሮ በቃል ይያዝ።

ለመምህሩና ለተማሪው

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ይህ ማለት እንግሊዝኛ ያልያዘ ተማሪ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም አጣ ማለት ነው። ጉዳቱ ከአንድ የትምህርት ዓይነት ያልፋል። ልጆቻችን ግን እንግሊዝኛን ብዙ ጊዜ የሚማሩት በቃላት ዝርዝርና በሰዋስው ስያሜዎች ነው፤ የሐሳቡን አጥንት የሚሠራው ቅርጽ ሳይጨበጥ ዓመታት ያልፋሉ።

መምህራን ሆይ፣ ሰባቱን አርእስት ከተማሪው ሰፈር በተወሰዱ ዐረፍተ ነገሮች ጀምሩ። የሐይቅ ልጅ ስለ ለንደን ባቡር ከሚያጠና ስለ ሐይቁ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ መናኸሪያው ይናገር። ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ያውርደው፤ ባለቤቱን ይለውጥ፣ ቀጥሎ ግሱን፣ ቀጥሎ ተሳቢውን፤ ሰልፉን ግን አይንካ። አዲስ ግስ በመጣ ቁጥር «የየትኛው አርእስት ሠራዊት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የስያሜዎቹ ማብራሪያ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ተማሪ ሆይ፣ አንተም አንቺም፣ ቃል ስታጠኑ ብቻውን አታጥኑት። «ጊቭ» ሰጠ ማለት ነው ብሎ ማቆም ዕውቀትን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው፤ «ሺ ጌቭ ዘ ገስት ኮፊ» ብላችሁ ከነሰልፉ ያዙት። ደብተራችሁን ለሰባት ክፈሉት፣ ያገኛችሁትን ግስ በየአርእስቱ ሥር ጻፉ፣ ለእያንዳንዱም ከራሳችሁ ኑሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩለት። አባቶቻችን በስምንት አርእስት ግዕዝን የሚያህል ቋንቋ ይዘዋል፤ እናንተም ሰባቱን ዛሬውኑ በቃላችሁ ማጥናት ጀምሩ።